ምዕራፍ ሰባት፦ ምሉዕ ትምህርት በስንት ይገዛል?

በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ በዚያ አገር ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው፣ ከክፍሎቹ ብዛትና ከጣሪያው ደኅንነት አስቀድሞ የሚያጠናው፣ ቤቱ በየትኛው ትምህርት ቤት ክልል ውስጥ እንደሚውል ነው፤ «ስኩሉ ጥሩ ነው» የተባለለት ሰፈርም ቤቱ ጠባብ፣ ግቢው ጭንቅንቅ ያለ ቢሆን እንኳ ዋጋው አይቀመስም። የትምህርት በጀት ከመንግሥት ካዝና ወጥቶ በየደረጃው ሲከፋፈል ማየት ለለመድነው ለእኛ፣ ነገሩ መጀመሪያ የደላሎች ወሬ ብቻ መስሎ ይታየናል። ከሥሩ ሲመረምሩት ግን፣ ያቺ ባለጠጋ አገር ለሕፃናቷ ዕውቀትን የምታድልበት ሥርዓት ለብዙ ዘመን በቤትና በመሬት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ መኖሩን፣ ከዚህም የተነሣ ከአንድ ጎዳና ወዲህና ወዲያ የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ገና ፊደል ሳይቈጥሩ ዕድላቸው የተለያየ መሆኑን የሚገልጥ ነው።

የነገሩ አመጣጥ ጥንታዊ ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት ስለ ጦርና ስለ ገንዘብ፣ ስለ ፖስታና ስለ ፍርድ ቤት አንቀጽ በአንቀጽ ሲደነግግ፣ ስለ ትምህርት ግን አንዳች ቃል አላሰፈረም፤ በውስጡ ያልተጻፈውም ሥልጣን ለየግዛቶቹ የተተወ በመሆኑ፣ ሕዝብን በነጻ የማስተማርን ግዴታ ግዛቶቹ በየራሳቸው ሕገ መንግሥት በልዩ ልዩ ቃል ጻፉት። ግዴታውን በክብር የጻፉት ግዛቶች ግን የወጪውን ሸክም አብዛኛውን ለከተሞችና ለመንደሮች አሳለፉት፤ እነዚህም ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ገቢ የቤትና የቦታ ግብር፣ እኛ የጣሪያና ግድግዳ የምንለው ዓይነት ስለ ነበረ፣ ተማሪ ቤቱን በዚያው ላይ አቆሙት። የፌዴራሉ መንግሥት፣ በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን ለድኾች ልጆች ትምህርት ድጎማ የሚሰጥ ሕግ ካወጣ በኋላ እንኳ፣ ከጠቅላላው ወጪ የሚሸፍነው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ሆኖ ቀርቷል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የዚህን ሥርዓት ባሕርይ በሐተታ ከማስረዳት በቍጥር ማሳየት ይቀላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶንዮ ከተማ፣ ኤጅውድና አላሞ ሃይትስ የሚባሉ ሁለት የትምህርት ወረዳዎች ነበሩ፤ ኤጅውድ አብዛኛው ነዋሪው ከሜክሲኮ የዘር ሐረግ የሚወለድ የወዛደሮች ሰፈር፣ አላሞ ሃይትስ ደግሞ የባለጠጎች ሰፈር ነበረ። ኤጅውድ በየ100 ዶላሩ ግምት ላይ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ግብር ሲጥል፣ አላሞ ሃይትስ 85 ሳንቲም ብቻ ይጥል ነበር፤ እንግዲህ ከገቢው ላይ አጥብቆ ቈርሶ ለልጁ ትምህርት የሚሰጠው ድኻው ነበር ማለት ነው። ሆኖም ከዚሁ ግብር ለትምህርት የዋለው ገንዘብ ለተማሪዎቹ ሲካፈል፣ ለኤጅውድ ልጅ 26 ዶላር ሲደርሰው ለአላሞ ሃይትስ ልጅ 333 ዶላር ደረሰው፤ ምክንያቱም በኤጅውድ ለአንድ ተማሪ የሚታሰበው የንብረት ግምት 6,000 ዶላር የማይሞላ ሲሆን፣ በአላሞ ሃይትስ ከ49,000 ዶላር በላይ ነበረና። የግዛቱና የፌዴራሉ መንግሥት እርዳታ ተጨምሮበት እንኳ የመጨረሻው ሒሳብ 356 ዶላር ለኤጅውድ፣ 594 ዶላር ለአላሞ ሃይትስ ነበር። ስለ ሰነፍና ስለ ትጉህ ሕዝብ፣ ልጁን ስለሚወድና ስለማይወድ ወላጅ ብዙ የሚናገሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ ደጋግመው ቢያነቡት ደግ ነበር።

ዲሜትሪዮ ሮድሪገስ የተባለ፣ በቈርቈሮ ሥራ የሚተዳደር የኤጅውድ ነዋሪ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋራ ሆኖ በ1968 ክስ መሠረተ፤ ነገሩም እየተንከባለለ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ባለፈው ምዕራፍ የተረክነው የ1954ቱ ብያኔ፣ ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን በሕግ ለይቶ ማስተማርን ያስቀረው፣ ትምህርትን ከመንግሥት ተግባራት ሁሉ በላይ አክብሮ የተናገረ ስለ ነበረ፣ ወላጆቹ ተስፋ ነበራቸው። ይሁን እንጂ መጋቢት 21 ቀን 1973፣ አምስት ዳኞች በአራት ላይ በልጠው፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም፣ በወረዳዎች መካከል ያለው የሀብት ልዩነትም ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲሉ ፈረዱ። ብያኔውን የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወል ቀድሞ በሪችመንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ በተቃውሞ ከጻፉት አንዱ የ1954ቱን ክስ በጠበቃነት ቆመው ያሸነፉት ተርጉድ ማርሻል ናቸው። የፌዴራሉ በር በዚህ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ፍትሕ የሚፈልግ ሁሉ ወደየግዛቱ ሕገ መንግሥትና ወደየግዛቱ ዳኞች ፊቱን መለሰ።

ከግዛቶቹም መካከል ነገሩን እስከ ጥግ የገፋችው ኒው ጀርዚ ናት። ይህች ግዛት፣ ከኒው ዮርክና ከፊላዴልፊያ መካከል የተሰነቀረች፣ በአንድ ፊት የነጋዴዎችና የባንክ ሹማምንት መንደሮች፣ በሌላ ፊት ፋብሪካቸው የተዘጋባቸው እንደ ካምደን፣ ኒዋርክና ፓተርሰን ያሉ ከተሞች ያሉባት ናት። በ1875 በሕገ መንግሥቷ ውስጥ የገባ አንድ አንቀጽ፣ ከ5 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ሁሉ ምሉዕና የተሟላ ውጤት ያለው የነጻ ትምህርት ሥርዓት እንድታቆም ያስገድዳታል። አንቀጹ መቶ ዓመት ያህል ማንንም ሳያስቸግር በመጽሐፉ ውስጥ ተኛ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዳኞች ግን፣ የዋሽንግተኑ ብያኔ ከተሰጠ 13 ቀን ብቻ ቈይቶ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1973፣ ሮቢንሰን በካሂል ላይ በሚባለው ክስ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚለው ምሉዕ ትምህርት በመንደር ግብር ዕድል ላይ ሊንጠለጠል አይችልም ሲሉ ወሰኑ።

ዳኛ ግብር መጣል አይችልም፤ ግብር የሚጥለው ምክር ቤት ደግሞ መራጩን ይፈራል። ስለዚህ ከብያኔው በኋላ የወጣው የ1975ቱ የትምህርት ሕግ በቃሉ ያማረ ሆኖ፣ የሚፈጸምበት ገንዘብ ግን አልተመደበለትም ነበር። ዳኞቹ ጥቂት ታገሡ፤ ትዕግሥታቸውም ሲያልቅ፣ ምክር ቤቱ ገንዘብ እስኪመድብ ድረስ በግዛቱ ውስጥ ለትምህርት ቤት አንዲት ሳንቲም እንዳትወጣ አገዱ። ሐምሌ 1 ቀን 1976 የኒው ጀርዚ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጉ። ወሩ የዕረፍት ወር ስለ ነበረ የተጎዳው የክረምቱ ትምህርት ብቻ ነበር፤ ድንጋጤው ግን ታላቅ ሆነ፤ በስምንተኛው ቀንም ምክር ቤቱ ለብዙ ዓመታት ሲሸሸው የኖረውን የገቢ ግብር አጸደቀ። በምርጫ ዘመቻቸው ጊዜ እንዲህ ያለ ግብር በቅርቡ እንደማያስፈልግ ተናግረው የነበሩት አገረ ገዥ ብሬንደን በርን፣ «የአንድ ዘመን በርን» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ በ1977 ግን ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው። ፖለቲከኛ ሁሉ እንደሚያስበው ሕዝብ ለግብር ምንጊዜም ይቅርታ የለውም ማለት አይደለም።

ገንዘቡ ቢጨመርም ክፍተቱ አልጠበበም፤ ባለጠጎቹ ወረዳዎችም ከዓመት ዓመት ይጨምሩ ነበርና። በ1981 የትምህርት ሕግ ማእከል የተባለ ድርጅት፣ በካምደን፣ በኢስት ኦሬንጅ፣ በኧርቪንግተንና በጀርሲ ሲቲ በሚማሩ 20 ልጆች ስም አዲስ ክስ አቀረበ። ክሱ ከልጆቹ በአንዱና በጊዜው በነበሩት የትምህርት ኮሚሽነር ስም አቦት በበርክ ላይ ተባለ። ነገሩን የያዘችው ጠበቃ ማሪሊን ሞርሃውዘር፣ ቀድሞ መነኵሲት የነበረች፣ በኋላም ቆቡን አውልቃ ጥብቅናን የተማረች ሴት ናት፤ ትዕግሥትን ከገዳም ይዛው ወጥታ ይሆናል፣ ምክንያቱም ክሱ ከፍርድ ቤት ወደ አስተዳደር ዳኛ፣ ከአስተዳደር ዳኛ ወደ ኮሚሽነር፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሲመላለስ፣ አስተዳደር ዳኛው ብቻ ከ600 ገጽ በላይ ሐተታ ሲጽፍ፣ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአራተኛ ክፍል ሕፃን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ይወጣል።

ሰኔ 5 ቀን 1990 ዋናው ዳኛ ሮበርት ዊለንትዝ ያነበቡት ብያኔ፣ ስለ ሕግ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ዕቃና ስለ ክፍል በሚናገረው አንባቢን ይይዛል። በባለጠጋይቱ በፕሪንስተን ለስምንት ልጆች አንድ ኮምፒውተር ሲደርስ፣ በኢስት ኦሬንጅ ለ43፣ በካምደን ለ58 ልጆች አንድ ነበር። በፓተርሰን በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናቱ ምሳቸውን የሚበሉት በምድር ቤት፣ ማሞቂያው ምድጃ ባለበት ጥግ ነበር፤ ወደ ኋላ የቀሩት ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጣቸውም ቀድሞ ሽንት ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በኢስት ኦሬንጅ የሳይንስ መምህሩ መሣሪያውን በጋሪ እየገፋ ሦስት ጫማ በስድስት ጫማ ወደ ሆነች ጥግ ያመጣል፤ በጥጓ ላይ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አለ፣ ውኃ ግን አይመጣበትም፣ የጋዝም ሆነ የመብራት መስመር የለውም። እንዲህ ያለውን ክፍል አይቶ የወጣ ልጅ በኬሚስትሪ ፈተና ሲወድቅ፣ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መመራመር ብዙ ፍልስፍና አይጠይቅም።

ብያኔው በድኾቹ ከተሞች ስም አንድ የማያወላዳ መለኪያ አቆመ። ግዛቲቱ ወረዳዎቿን በሕዝቡ ገቢና ትምህርት መጠን ከድኻው ወደ ባለጠጋው ከ«ኤ» እስከ «ጄ» በሚደርሱ ፊደላት ትመድባቸው ነበር፤ ዳኞቹም 28 ድኻ የከተማ ወረዳዎች (ቍጥራቸው ኋላ 31 ደርሷል) በአንድ ተማሪ የሚያወጡት ገንዘብ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ውስጥ ያሉት ባለጠጎች ከሚያወጡት አማካይ ጋራ እኩል እንዲሆን፣ ከዚያም በላይ ድኽነት ላደረሰው ልዩ ችግር ተጨማሪ እንዲሰጣቸው አዘዙ። ልብ ይሏል፤ ዳኞቹ የጠየቁት ድኻው ልጅ የሚበቃውን ያህል ይሰጠው ብለው አይደለም። የሚበቃ ስንት እንደ ሆነ ማንም ሲከራከርበት ሊኖር ይችላል፤ ባለጠጎች ለገዛ ልጆቻቸው የሚያወጡት ግን የታወቀ ቍጥር ነው፤ ለልጁ ከሚያስፈልገው በላይ ያወጣል ተብሎ የሚከሰስ ባለጠጋም የለም። የዚህ ብያኔ ብልኀት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አገረ ገዥው ጂም ፍሎሪዮ ብያኔው ከመነበቡ አስቀድሞ መምጣቱን አውቀው ሕግ አዘጋጅተው ነበር፤ ከሕጉም ጋራ የ2.8 ቢሊዮን ዶላር የግብር ጭማሪ አወጁ። ከጭማሪው ውስጥ በወረቀት ውጤቶች ላይ የተጣለ ቀረጥ ስለ ነበረበት፣ ተቃዋሚዎች የመጸዳጃ ወረቀትን የዐመፃቸው ዓርማ አደረጉት። መካከለኛው መደብ ገንዘቤ ወደ ሌላ ከተማ ልጆች ሄደ ብሎ ተቈጣ፤ በ1991 ተቃዋሚው ፓርቲ ሁለቱንም ምክር ቤቶች በሰፊ ብልጫ ያዘ፤ በ1993ም ፍሎሪዮ በጠባብ ልዩነት ወንበራቸውን ለክሪስቲን ዊትማን ለቀቁ። ዊትማን በ1996 ባወጡት ሕግ ነገሩን ከገንዘብ ወደ ትምህርቱ ይዘት ለማዞር ሞከሩ፤ ማንኛውም ተማሪ ሊያውቀው የሚገባውን በየክፍሉ ዘርዝረው አስቀመጡ። ፍርድ ቤቱ ዝርዝሩን አመስግኖ ተቀበለው፤ ነገር ግን ዋጋው ከዝርዝሩ ጋራ ያልተገናዘበ መሆኑን ገልጦ፣ በ1997 እኩልነቱ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን እንዲፈጸም አዘዘ፤ ለዚህም 246 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ሞርሃውዘር ይህን ሳታይ በ1995 ዐርፋ ነበር።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠውን ፍሬ ያፈራው የብያኔ ክፍል፣ በመጀመሪያ ጊዜ ማንም ብዙ ያላሰበበት ነው። በ1998 ፍርድ ቤቱ ሙሉ ቀን የሚውል የመዋዕለ ሕፃናት ክፍልና የሕንፃዎች እድሳት ሲያዝ፣ በእነዚሁ ወረዳዎች ለሚኖሩ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት ሁሉ ቅድመ መደበኛ ትምህርት በነጻ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ግዛቲቱ በርካሽ የሞግዚት አገልግሎት ልትገላገለው ስትሞክርም፣ በ2000 እንደ ገና ተመልሶ ዝርዝሩን ወሰነ፤ በአንድ ክፍል ከ15 ሕፃናት አይበልጡ፤ መምህርቷ የመጀመሪያ ዲግሪና የሕፃናት መምህርነት ምስክር ወረቀት ይኑራት፤ የሚሰጠው ትምህርት በታወቀ ሥርዓት ይመራ አለ። በዚያን ጊዜ በየቀበሌው ሕፃናትን ይጠብቁ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ከሥራ ማባረር ሲቻል፣ ግዛቲቱ እስከ መስከረም 2004 ጊዜ ሰጥታ የዩኒቨርሲቲ ክፍያቸውን ከፈለችላቸው፤ ቀን እያስተማሩ ማታ እየተማሩ ብዙዎቹ ተመረቁ፤ ደመወዛቸውም ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ጋራ ተስተካከለ።

ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን ገብቶ ለተመለከተ፣ ትምህርት የሚባለው ነገር መጀመሪያ አይታየውም። በአንድ ጥግ የእንጨት ጡቦች፣ በሌላው አሸዋና ውኃ የተሞላ ገበታ፣ በሌላው ድስትና ምድጃ ያለባት የልጆች ማጀት አለች። ብዙ ወረዳዎች በተቀበሉት ሥርዓት፣ ሕፃኑ ወደ ጨዋታው ከመሮጡ በፊት መምህርቷ አጠገብ ተቀምጦ ዛሬ ምን ሊሠራ እንዳሰበ በቃሉ ይነግራታል፤ ድልድይ እሠራለሁ ያለ እንደ ሆነ ከምን እንደሚሠራውና ከማን ጋራ እንደሚሠራው ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ ሄዶ ይሠራል፤ ሲፈርስበት እንደ ገና ያቆማል፤ በመጨረሻ ከጓደኞቹ ጋራ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ የሠራውን፣ ያሰበው እንደ ሆነለትና እንዳልሆነለት ይተርካል። አስቦ መጀመር፣ ጀምሮ መጨረስ፣ ጨርሶ መናገር፤ የተማሩ ወላጆች በማዕድ ዙሪያ ሳያውቁት ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት ይህ ነው፤ ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ግን ለዚህ የሚሆን ሰዓት ከየት ታመጣለች? ይህንንም ያሰቡ ስለ ነበሩ፣ የስድስቱ ሰዓት ትምህርት ካለቀ በኋላ ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ ሕፃናቱ የሚቈዩበት ተጨማሪ ሰዓት ተጨመረ። ወደ 40,000 የሚጠጉ ሕፃናት በየዓመቱ የዚህ ትምህርት ተካፋይ ሆኑ። የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ ተከታትለዋቸው፣ በተለይ ሁለቱን ዓመት የተማሩት በንባብም በሒሳብም ካልተማሩት እኩዮቻቸው ልቀው፣ ክፍል በመድገምም አንሰው ተገኙ።

ስለ ሕንፃዎቹ የሚነገረው ግን ያን ያህል አያኰራም። በ2000 ለትምህርት ቤቶች ግንባታ 8.6 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደ፤ ከዚህም 6 ቢሊዮኑ ለድኾቹ ወረዳዎች ነበር። ሥራውን የተሸከመው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሒሳቡን መቈጣጠር ተስኖት፣ በ2005 ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይጀመሩ ገንዘቡ ተሟጠጠ፤ መሬታቸው የተገዛ፣ ነዋሪዎቻቸው የተነሡ፣ ሕንፃ ግን ያልቆመባቸው ቦታዎች ቀሩ። ኮርፖሬሽኑም በ2007 ፈርሶ በሌላ መሥሪያ ቤት ተተካ። የፍርድ ቤት ብያኔ ትክክል መሆን የሚፈጽመውን ሹም ቀና አያደርገውም።

እዚህ ላይ የቈየ ክርክር ይነሣል። በ1966 ጄምስ ኮልማን የተባለ የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ፣ 600,000 ያህል ተማሪዎችን በመረመረ ጥናቱ፣ ልጅን ከልጅ የሚለየው በትምህርት ቤቶች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ ከቤት ይዞት የሚመጣው ነው የሚል ውጤት አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ለድኻ ትምህርት ቤት ገንዘብ መጨመር ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው የሚሉ ሁሉ ይህን ጥናት ይጠቅሳሉ። በ2016 የታተመ የጃክሰን፣ የጆንሰንና የፐርሲኮ ጥናት ግን፣ በፍርድ ቤቶች ግፊት በየግዛቱ የተደረገውን የገንዘብ ለውጥ ተከትሎ ልጆቹን እስከ ጕልምስና ድረስ ተመልክቷቸው፣ በ12ቱ የትምህርት ዓመታት ሁሉ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ልጁ ሲያድግ የሚያገኘው ደመወዝ በ7 በመቶ ያህል እንደሚጨምር፣ ጥቅሙም በድኻ ልጆች ላይ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ቢመስሉም፣ የመጀመሪያው በአንድ ዘመን የታየውን ልዩነት ሲለካ ሁለተኛው ለውጥ ሲመጣ የሚሆነውን ይለካል፤ ለመንግሥት ምክር የሚሆነውም ሁለተኛው ነው።

የኒው ጀርዚ ከተሞች ራሳቸው ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሰጣሉ። ዩኒየን ሲቲ፣ ነዋሪዎቿ በብዛት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች የሆኑባት ጠባብ ከተማ፣ በ1989 ግዛቲቱ ትምህርት ቤቶቿን ልትወርስባት ዝታባት ነበር፤ እርስዋ ግን ገንዘቡን በመዋዕለ ሕፃናት፣ ስፓኒሽ የሚናገሩትን ልጆች በቋንቋቸው አስነብቦ ወደ እንግሊዝኛ በማሻገርና መምህራንን በማስተባበር ላይ አውላ፣ ዴቪድ ከርፕ የተባለ ሊቅ በ2013 መጽሐፍ እስኪጽፍላት ድረስ ተመሰገነች። ካምደን ያንኑ ያህል ገንዘብ አግኝታ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶቿ በግዛቱ ሞግዚትነት ሥር ወደቁ። ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ የአስተዳደር ጽናት ይመስለኛል፤ በዩኒየን ሲቲ ሰዎቹም ዕቅዱም ለብዙ ዓመት ሳይናወጡ ሲቈዩ፣ በካምደን አለቃ አለቃን ይተካ ነበር። በኒዋርክ ደግሞ በ2010 የፌስቡኩ ማርክ ዘከርበርግ 100 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ በቴሌቪዥን ቢያውጅም፣ ከዚያ ገንዘብ ብዙው ለአማካሪዎችና ለመምህራን ውል ማስተካከያ ወጥቶ፣ የከተማው ሕዝብ ሳንመከር ተደረገብን ብሎ አጕረመረመ። የአንድ ባለጠጋ ምጽዋት፣ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ዓመት በዓመት በሕግ ከሚመጣ በጀት ጋራ አይወዳደርም።

በ2008 ግዛቲቱ የወረዳዎችን ስም መዝገብ ትታ፣ ገንዘቡ ልጁን የሚከተልበት አዲስ ቀመር አወጣች፤ ለማንኛውም ተማሪ መነሻ ዋጋ ተተምኖ፣ ድኻ ለሆነና እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ የመነሻው ግማሽ ያህል ይጨመርለታል፤ ድኻው ልጅ በመካከለኛ መንደር ቢኖር እንኳ። ፍርድ ቤቱ በ2009 ገንዘቡ በሙሉ መከፈል አለበት በሚል ግዴታ ቀመሩን አጸደቀው። በሚቀጥለው ዓመት አገረ ገዥው ክሪስ ክሪስቲ የኢኮኖሚውን ችግር ምክንያት አድርገው ገንዘቡን ቈረጡ፤ ዳኞቹም በ2011፣ ሦስት በሁለት ላይ በልጠው፣ ለ31ዱ ወረዳዎች 500 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስ አዘዙ። ቀመሩ በሕግ ከተጻፈ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2025ቱ የበጀት ዓመት፣ በአገረ ገዥው ፊል መርፊ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ እንደ ተከፈለ ተነገረ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ነገር ገንዘብ አይደለም። የኒው ጀርዚ የ1947ቱ ሕገ መንግሥት ተማሪዎችን በዘር መለየትን በግልጥ ቃል ይከለክላል፤ ግዛቲቱ ግን ወደ 600 በሚጠጉ ጥቃቅን ወረዳዎች የተሸነሸነች ስለ ሆነች፣ ልጅም በሚኖርበት ወረዳ ብቻ እንዲማር ሕጉ ስለሚያዝ፣ የድኾች ጥቁሮችና የስደተኞች ልጆች ለብቻቸው፣ የባለጠጋ ነጮች ልጆች ለብቻቸው ይማራሉ። ግንቦት 17 ቀን 2018፣ የ1954ቱ ብያኔ በተሰጠበት ዕለት፣ የላቲኖና የጥቁሮች ማኅበራት ከወላጆች ጋራ ሆነው ግዛቲቱን በዚህ ከሰሷት። ዳኛው በጥቅምት 2023 በሰጡት ብያኔ መለያየቱ በብዙ ወረዳዎች ውስጥ መኖሩ ተረጋግጧል፣ መላው ሥርዓት ሕገ መንግሥትን ጥሷል ለማለት ግን የቀረበው ማስረጃ አልበቃም አሉ፤ ተከራካሪዎቹም ወደ ሽምግልና ሄዱ። በእኔ ግምት የገንዘቡን ዕዳ ግዛቲቱ፣ እየተጐተተችም ቢሆን፣ አብዛኛውን ከፍላለች፤ የወረዳዎቹ ድንበር ግን በነበረበት ነው።